ሦስተኛው በነጻ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ዛሬም በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ሰው ካለ እባካችሁ አሳዩኝ፤ ላጽናናው። እኔ እንኳን ከጎረቤቴ ጋር ከተወዳጀሁ ወዲህ ዓይኔ ተገልጧል። የሰውዬውን ቤት ብታዩ ቁጠባው ከአልጋ ሥር ጀምሮ እስከ ቁም ሳጥን አናት ተከምሯል፤ መቀመጫ ሲጠፋ ሳሙናው ላይ እንቀመጣለን።

አንድ ቅዳሜ መገናኛ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት «ሁለት ሲገዙ ሦስተኛው በነጻ» ብሎ ለጥፏል የሚል ወሬ ደረሰው። ከቤተል በታክሲ ጦር ኃይሎች ወረደ። ባቡሩ የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ተሳፍሮ፣ ከተማዋን እየተገፋ አቋርጦ፣ ማታ ሦስት ብልቃጥ ቫይታሚን ታቅፎ መጣ። «ሐኪም አዞልህ ነው?» አልኩት። «ኧረ እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ሦስተኛው እኮ በነጻ ነው!» አለኝ። ብልቃጡን አገላብጬ ሳየው የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ አንድ ወር ከምናምን ቀርቶታል። እንዲህ ያለ ሀብት እንዳይባክን ቤተሰቡ ተረባረበ። ያን ሰሞን ባለቤቱ ቡና ጠጡ ብላ ስትጠራን ከፈንዲሻው ጎን ቫይታሚን ይዞር ነበር። የታክሲውን፣ የባቡሩን፣ መንገድ ላይ የጠጣውን ማኪያቶ ልደምርለት ብል ተቆጣ። እውነቱን ነው። እየደመረ የሚኖር ሰው መቼ ቆጥቦ ያውቃል?

ደግሞ የቀዩ ስርዝ አለላችሁ። 700 ብር ተጽፎ ይሰረዝና ከሥሩ 500 ይጻፋል። ጎረቤቴ 200 ብር አተረፈ። ዕቃው ባለፈው ሳምንት 400 እንደነበር የሚያስታውስ ምቀኛ ከየሰፈሩ አይጠፋም፤ 700 ከፍሎ የገዛ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ከውጭ የሚገባው ነገር ሁሉ ዋጋው ሽቅብ ሲወጣ፣ የሚሰረዘውም ቁጥር አብሮ አደገ። የሚሰረዘው በጨመረ ቁጥር ጎረቤቴ የሚያተርፈው ይጨምራል። ኑሮ ተወደደ እያሉ የሚያለቃቅሱት ይህ ስሌት ያልገባቸው ናቸው።

ኩፖን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ ቀበሌ መጣ፣ የቀበሌ ሱቅም ተከተለ፤ ስኳሩም ሳሙናውም በኩፖንና በሰልፍ ሆነ። ያኔ ወረቀቱ ከሚያስፈልግህ ያነሰ እንድትገዛ ያዝሃል፤ የዛሬው ከሚያስፈልግህ የበለጠ እንድትገዛ ያዝሃል። ይህን ዕድገት ካላላችሁ ምን ዕድገት ልትሉ ነው?

«ከነማ» የሚለው ስም እንኳ ከዚያው ከነዋሪዎች ማኅበር የተረፈ ምህጻር ነው። ከነማ መድኃኒት ቤት የሚታወቀው ዋጋው ከሌላው ቀነስ በማለቱ ነው፤ ሰው ማዘዣውን ይዞ ይሰለፋል፣ ከፍሎ ይሄዳል፣ አለቀ። የተሰረዘ ቁጥር የለ፣ ነጥብ የለ፣ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክት የለ። ጎረቤቴ ደጁን ረግጦ አያውቅም። «ቅናሽ የላቸውማ!» ይላል።

የዚህ የኩፖን ጥበብ የዘር ሐረግ ቢቆጠር የሚደርሰው መድኃኒት ቤት ነው። ኮካ ኮላ መጀመሪያ የተሸጠው በ1886 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር፤ ብዙ ዓመት ሳይቆይም አንድ ብርጭቆ በነጻ የሚያስጠጣ ወረቀት ይታደል ጀመር። ያ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ እኛ ጋ ሲደርስ ቆርኪ ውስጥ ገባ። የጎረቤቴ ልጆች የሽልማትና የዕድል ወሬ በተነሳ ቁጥር ቆርኪ ሲፍቁ ይውላሉ። አባታቸውም ስኳር በሽታ እንዳይዛቸው ፈርቶ ቫይታሚን ይጨምርላቸዋል፤ ተርፎታላ።

አሁን ደግሞ ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ብር ሳይታይ ይወጣል፣ ቦነስ ሳይታይ ይገባል። ጎረቤቴ ካርድ ሲሞላ የተመረቀለት ደቂቃ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል ተባለ። ለሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ገጠር ያሉትን አጎቱን ቀሰቀሳቸው። ሽማግሌው እየተንቀጠቀጡ «ማን ሞተ?» አሉ። «ማንም አልሞተም ጋሼ፤ ደቂቃ ሊሞትብኝ ነው!» አጎትየው እስኪነጋ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ደቂቃው ግን አልባከነም።

አንድ ጊዜ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» የሚል ዕጣ አለው፣ ለምን አትሞክርም ብዬ መከርኩት። በሐሳቡ ተስማማ፤ የተቸገረው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ለመሸለም ብር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ያለውን ሁሉ ቅናሽ ላይ ቆጥቦታል።

ባለፈው እሑድ ዘነበወርቅ ገበያ አብረን ሄድን። አንዲት ጉልት የተቀመጡ እናት አንድ ኪሎ ሽንኩርት መዘኑለት። ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ ሁለት ራስ አንስተው ፌስታሉ ውስጥ ጣል አደረጉ።

ጎረቤቴ ደነገጠ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ምርቃት ነዋ፣ ጋሼ።»

«ስንት ነጥብ ይዣለሁ ማለት ነው? የት ነው የሚቆጠርልኝ?»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት፤ ያዘኑለት መሰሉ።

«እግዜር ይቁጠርልዎ» አሉት።

ጎረቤቴ ስልኩን አወጣ፤ መልእክቱ እስኪገባ ጠበቀ።