እንዚራ ያለው ሳጥን

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚወርድ መንገደኛ ቆላ ድባን አልፎ ይሄዳል። ሚኒባሱ ለአፍታ ሲቆም አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይሳፈራል፣ ሾፌሩም ወደ ጣና ያቀናል። የሕክምና ታሪክ ያነበበ ሰው ደግሞ የሚያውቀን በወባ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ቆላ ድባ ያለችበትን የደምቢያ ሜዳ የመታው ወረርሽኝ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ሆኗል። ጤፋችንን፣ ሽምብራችንን፣ ነጭ ሽንኩርታችንን ግን ሰው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ይበላዋል። ተወልጄ ያደግሁት እዚህ ስለሆነ ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያንገበግበኛል። ስሙ ያልገነነ ነገር ሲናቅ ሳይ ዝም ማለት የማይሆንልኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ስሙ ያልገነነ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ዴንቨር የሚኖረው የእህቴ ባል ዓምና ለመስቀል ሲመጣ ከሁለቱ የሻንጣ ድርሻው አንዱን ለእኔ ሰጥቶ፣ ጎረቤቱ ጋራዡን ሲያጸዳ በርካሽ የሸጠለትን ይህን ዕቃ አመጣልኝ። ጥቁር ነው፤ ከሃያ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ፊቱ ላይ «ፒቪ ቫልቭኪንግ 112» ይላል። ከአዘዞ እስከ ቆላ ድባ ጣሪያ ላይ ይጫን ሲሉኝ እምቢ ብዬ ለሁለት ሰው ከፍዬ አጠገቤ አስቀመጥሁት። እናቴ በር ላይ ተቀብላ አየችውና «ይኸ ሁሉ ክብደት ሞንታርቦ ነው?» አለች። በእኛ አገር ድምፅ የሚያወጣ ሳጥን ሁሉ ሞንታርቦ ነው። ከጀርባው በኩል አሳየኋት። የብርጭቆ አምፖሎች ተደርድረውበታል። «ኧረ አምፖል አለው! ሊያበራ ነው ሊዘፍን?» ብላ ሳቀች።

ነገሩ ያለው እዚያ አምፖል ውስጥ ነው። ቫልቭ ይባላል፤ የድሮ ራዲዮኖች በእርሱ ነበር የሚሠሩት። ትራንዚስተር በ1947 እ.ኤ.አ. ከተፈለሰፈ በኋላ ቫልቭ ከራዲዮኑም ከቴሌቪዥኑም ቀስ በቀስ ወጣ፤ ከጊታር ተጫዋች እጅ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ምክንያቱም ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ከጊታሩ የሚመጣው ሞገድ ሲበዛበት ጫፉና ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ሞገድም በዋናው ድምፅ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆችን ይጨምራል። ጆሮ ያንን እንደ ሻካራ፣ እንደ ሞቀ፣ አንዳንዴም እንደ ተቆጣ ድምፅ ይሰማዋል። ዲስቶርሽን የሚሉት ይህን ነው። መግቢያ ላይ ያለው 12ኤኤክስ7 የሚባለው ቫልቭ በአንዱ ጎኑ ብቻ ድምፁን ወደ መቶ እጥፍ የማሳደግ አቅም አለው። አንዱ ያሳደገውን ለሌላው፣ ሌላው ደግሞ ለሦስተኛው ሲያቀብል ጌይን የሚሉት የማሳደግ መጠን ከፍ ይላል ማለት ነው። በመጨረሻ 6ኤል6 የሚባሉት ትልልቆቹ ይረከቡና ስፒከሩን ያንቀጠቅጡታል። የእኔው ሳጥን ሦስት ትንንሽ፣ ሁለት ትልልቅ ቫልቭ አለው፤ ኃይሉ 50 ዋት ነው።

ሃርትሊ ፒቪ ይህን ሳጥን ያወጣውን ኩባንያ በ1965 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሚሲሲፒ ውስጥ ሜሪዲያን በምትባል ከተማ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ከጊታር ተጫዋቹ ከኤዲ ቫን ሄለን ጋር ሆኖ 5150 የሚባለውን አምፕሊፋየር አወጣ። ሁለቱ ሲለያዩ ያው ዕቃ በ2004 እ.ኤ.አ. ስሙ 6505 ተባለ፤ ከባድ ሮክ የሚጫወቱ ባንዶች እስከ ዛሬ ይምሉበታል። ቫልቭኪንግ ከዓመት በኋላ የመጣ ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ ሳለ ከ500 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፤ ስማቸው የገነነው ግን የዚያን እጥፍና ከዚያ በላይ ያስከፍሉ ነበር። ርካሽ ስለሆነ ብቻ «የጀማሪ ዕቃ» ተባለና ብዙ ሰው ሳይሰማው አለፈው። ልክ እንደ ቆላ ድባ።

አሁን ወደ መከራዬ ልግባ። ከጀርባው «120 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ይህንን አውቃለሁና እንደመጣ ሶኬት ላይ አልሰካሁትም። ጎንደር ወጥቼ ከ220 ወደ 110 የሚቀይር ትንሽ ትራንስፎርመር ገዛሁ፤ ላዩ ላይ «100 ዋት» ይላል። አምፕሊፋየሩ 50 ዋት ነው፣ ትራንስፎርመሩ 100 ነው፣ እጥፍ አለው ብዬ ተደሰትሁ። ያላወቅሁት አምፕሊፋየሩ 50 ዋት የሚሰጠው ለስፒከሩ መሆኑን ነው። ከሶኬቱ የሚስበው ግን ከመቶ ዋት ያልፋል፤ ቫልቭ መጀመሪያ ራሱ መጋል አለበትና ብዙው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። የኅዳር ማታ ነበር። አምፖሎቹ ቀልተው ሲበሩ እናቴ፣ እህቴና የሠፈር ልጆች ከበው እያዩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የትዝታን ቅኝት ወጣ ወረድ አልሁ። ያንን ድምፅ እስከምሞት አልረሳውም። ወዲያው ግን የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ትራንስፎርመሩ ጨሰ። እናቴ «ነቅለው! ነቅለው!» እያለች በኩታዋ ጫፍ ገመዱን መንጭቃ አወጣችው። ሳጥኑ ተረፈ፤ ትራንስፎርመሩ ተጣለ።

500 ዋት የሚችል ሌላ ገዛሁ፤ ብረት ምጣድ ያህል ይከብዳል። ጥር መጣ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጯሂት አቅጣጫ ነበር። እኔ ጊታር፣ አንዱ ጓደኛዬ ኪቦርድ፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ከጎንደር መጥቶ፣ በአንድ ጄኔሬተር ዳሱን ልናደምቅ ተስማማን። ጄኔሬተሩ የዳሱን መብራት፣ ሁለት ሞንታርቦና የእኔን ሳጥን ተሸክሟል። ሙሽሮቹ ገብተው እስክስታው ሲጋጋል ጄኔሬተሩ አንዴ ያቃስታል፣ አንዴ ይጮኻል፤ የዳሱ አምፖሎችም አብረው ይደምቃሉ፣ ይፈዝዛሉ። በመካከል የእኔ ሳጥን ፀጥ አለ። ፊውዙ ሄዷል። መጠባበቂያ አልያዝሁም።

አንድ ደግ ልጅ መጣና «ወንድም ዓለም፣ ይኸ ቀላል ነው» ብሎ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን የብር ወረቀት ፊውዙ ላይ ጠመጠመው። እኔም ሕዝቡ ሲጠብቀኝ ልቤ ተሸነፈና ፈቀድሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሳጥኑ ተነሳ፣ ለሁለት ዘፈን ያህል አገሩን አናጋ፤ ከዚያ ከትልልቆቹ ቫልቮች አንዱ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፣ ጧ አለ፣ ዝም አለ። ዳሱን ያዳነው ማሲንቆው ነው። ያ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ፣ ያለ ሽቦ ያለ ጄኔሬተር፣ በአንድ የጅራት ፀጉር ገመድ ሠርጉን እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አስጨፈረ። እኔም ጊታሬን አቅፌ እጆቹን ሳይ አመሸሁ። ማሲንቆ ቀስቱ ካልተነሳ ድምፁ አይቆረጥም፤ ክራርና ጊታር ግን ተመትተው ወዲያው ይሞታሉ። ጌይን ከፍ ያለበት ጊታር ግን እንደ ማሲንቆ ይረዝማል። ያንን ያስተዋልሁት ያን ሌሊት ነው።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የድሮ ባለ ቫልቭ ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ ብለው ነገሩኝ። ሳጥኑን ከፍተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የብር ወረቀቱን በወረንጦ አንስተው አዩት። ቆጣ ብለው «ልጄ፣ ፊውዝ ዘበኛ ነው። አንተ ዘበኛውን አስረህ ለሌባ በር ከፈትህ» አሉኝ። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? የተቃጠለውን ቫልቭ ነቅለው ሰጡኝና «አንዱን ብቻ እንዳትቀይር፤ ሁለቱ እኩል የሚስቡ መንትዮች መሆን አለባቸው» አሉኝ። 6ኤል6 በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣ ዕቃ ቢሆንም ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ይሠራል። የእህቴ ባል ጥንዱን ገዝቶ፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ፣ በመንገደኛ እጅ ላከልኝ። ቫልቮቹ ሲገቡ የካቲት አልቆ ሁዳዴ ገብቶ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚዞረው። ጎረቤታችን አንድ መሪጌታ አሉ። በጾም በገና ይደረድራሉ፤ ማታ ማታ ድምፁ በአጥራችን ያልፋል። እኔም ለእርሳቸው ክብር ሳጥኑን አልነካም ነበር። ግን ጠጋኙ «ተሞክሮ ካልታየ አትመነው» ስላሉኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን ዘግቼ፣ ድምፁን ከሰው ንግግር በታች አድርጌ፣ ጌይኑን ብቻ ከፍ አድርጌ አንዱን ወፍራም ክር ለብቻው መታሁት። ቀስ ብሎ ዝዝዝ እያለ ቆየ። ደገምሁት። በሩ ተንኳኳ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ልወቀስ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ይኸ ነገር እንዚራ አለው እንዴ?» አሉኝ።

እንዚራ ማለት በገናው ብርኩማ ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው ትንሽ ቁርጥራጭ ቆዳ ናት። አሥሩም አውታር የየራሱ እንዚራ አለው። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ይነዝራል፤ ያ ነው የበገናን ድምፅ ከክራር የሚለየው። እንዚራው ከወጣ በገናው ንጹሕ ድምፅ ያወጣል፤ ንጹሑ ድምፅ ግን አያስለቅስም። መሪጌታ ሳጥኑን ዙሪያውን አይተው ተቀመጡ፤ ስለ ቫልቭ ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ሞገዱ ጫፉ ሲቆረጥ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች እንደሚወለዱ ስነግራቸው፣ «እኛም ቆዳዋን ገፋ ሳብ የምናደርገው ለዚያው ነው። ብትበዛ ያንቋርራል፣ ብታንስ ይደርቃል» አሉ። የጌይን ማስተካከያ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህንን ሳጥን እንደ ባዕድ ዕቃ አላየውም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ድምፅ «የፈረንጅ ጩኸት» ይለዋል። እኔ ግን ጆሯችን በአባቶቻችን በገና አስቀድሞ የተገራ ይመስለኛል። ሌላም ነገር አለ። ዲስቶርሽን ብዙ ድምፅ ተደራርቦ ሲመታ ይደፈርሳል፤ አንድ ዜማ ለብቻው ሲወርድበት ግን ጠርቶ ይዘምራል። የእኛ ዜማ ደግሞ በትዝታም በባቲም በአምባሰልም በአንቺሆዬም አንድ ሆኖ የሚፈስ ዜማ ነው። ስለዚህ ለዚህ ድምፅ የተመቸ ነው። ይህን አስቀድመው ያወቁ አሉ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. «ኧረ መላ መላ»ን በአይቤክስ ባንድ ታጅቦ ሲያስቀርጽ፣ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩምም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ሲጫወት፣ ጊታር በአማርኛ መናገር እንደሚችል ታየ። ጃኖ ባንድ በ«ኤርታሌ» አልበሙ ጊታሩን እስከ ሮክ ድረስ ገፋው። አስናቀ ገብረየስ ደግሞ ዩካንዳንዝ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ሆኖ የድሮ ዜማዎቻችንን በጎርናና ጊታር ዘፍኗቸዋል።

ለፋሲካ ማግሥት ያንኑ ማሲንቆ ተጫዋች ቤቴ ጋበዝሁት። መሪጌታም መጡ፤ የሠርጉን ነገር ሰምተው ስለነበር በጥር የጎደለውን እንሞላ ዘንድ ተቀመጥን። ቫልቮቹ ሞቀው እስኪረጋጉ አንድ ደቂቃ ጠበቅን፣ ከዚያ ማሲንቆውና ሳጥኑ እየተቀባበሉ አንቺሆዬን ወጡ ወረዱ። የትኛው ቀስት እንደሆነ፣ የትኛው ቫልቭ እንደሆነ እናቴ ከጓዳ ሆና መለየት አልቻለችም።

እንዲህ ያለ ሳጥን ከዘመድ የሚመጣላችሁ፣ ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ጥግ ላይ ተጥሎ የምታገኙ የጊታር ልጆች፣ በስሙና በዋጋው አትለኩት። ከጀርባው ቮልቱን አንብቡ። ትራንስፎርመሩን ስትገዙ ሳጥኑ ከሶኬት የሚስበውን ዋት እጥፍ አድርጋችሁ ግዙ። ስፒከሩ ሳይገናኝ አታብሩት። ፊውዝ በኪሳችሁ ያዙ፤ የብር ወረቀት ለሲጋራ ይሁን። ከዚያ ዝም ብላችሁ አንዱን ክር ምቱና አዳምጡ። ወደ ጎርጎራ ስትወርዱም ቆላ ድባ ላይ ከሚኒባሱ ውረዱ። ሳጥኑን አሞቄ እጠብቃችኋለሁ።