ኮርኒስ ውስጥ ስለሚቀበር መብራት

መብራት በመቅረዝ ላይ እንጂ ከእንቅብ በታች እንደማይቀመጥ ከወንጌል ሲማር የኖረ ሕዝብ፣ አምፖልን ኮርኒስ ውስጥ ቀብሮ ፊቱን ብቻ ብቅ እንዲያደርግ መፍቀዱ ጥናት የሚገባው ጉዳይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ደምበጫም፣ እንደ ፍኖተ ሰላምና እንደ ቡሬ ሁሉ፣ ቤት የሚያሠራ ሰው ሳሎኑን በጂፕሰም አስውቦ ገንዘብ ከተረፈው ዐይኑ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይዞራል፤ ለአንዲት ጠባብ ክፍል አንድ አምፖል ይበቃ የነበረበት ዘመን ማለፉን ባለሙያው ያረዳዋል፤ «ስፖት» የሚባለው፣ ኮርኒሱ በክብ ተበስቶ የሚሰካው ትንሽ መብራትም ስድስት ፍሬ ይታዘዛል።

ኮርኒስ ግን በአገሩ የቤት አሠራር ውስጥ ዋና ሥራው መሸፈን ነው። አቡጀዴ ተወጥሮ ቀለም ሲቀባ ወይም ችፑድ በሞራሌ ላይ ሲመታ፣ ዓላማው ቆርቆሮውንና አቧራውን፣ ከሁሉም በላይ አይጡን ከቤተሰቡ ዐይን መሰወር ነበር። ከኮርኒስ በላይ ያለው ዓለም የራሱ ነዋሪና የራሱ የሌሊት ሩጫ ስላለው፣ ከታች ያለው ቤተሰብ ኮቴውን እየሰማ እንዳልሰማ ማለፍን የጉርብትና ወግ አድርጎት ኖሯል። 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ስድስት ቀዳዳዎች ሲበሱ ይህ ስምምነት ይፈርሳል፤ አይጥ ጥርሱን ለመሞረድ የሽቦ ልባስ ተስማሚ መሆኑን ለመረዳት ደግሞ የባለሙያ ምክር አያሻውም።

ከአይጡ የሚብሰው እንፋሎቱ ነው። ከሙቅ ውሃ የተነሣው እንፋሎት በየቀዳዳው ሾልኮ የደጋው ብርድ ካቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ወደ ጠብታነት ይለወጣል፣ ጠብታውም ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ ስለሚወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥር ወር በአንድ መታጠቢያ ቤት ብቻ ክረምት ይገባል። ስለዚህ ለእርጥብ ክፍል የሚመረጠው መብራት የታሸገ ሊሆን ይገባል፤ ይህም «አይፒ» በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ይታወቃል። የመጀመሪያው አኃዝ ባዕድ ጠጣር ነገርንና አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን የመከላከል ዐቅምን ሲያመለክት፣ አይፒ 44 ከየአቅጣጫው የሚረጭን ውሃ፣ አይፒ 65 ደግሞ አቧራን ፈጽሞና በግፊት የሚመጣን ውሃ ይቋቋማል። ችግሩ የታሸገውና ያልታሸገው ፊታቸው አንድ መሆኑ ነው፤ በሱቅ ውስጥ የሚለያዩት በዋጋቸው ሲሆን፣ ሻጩ ስለ ሁለቱም በእኩል እምነት ይምላል።

በዚህ ላይ 220 ቮልት ከእርጥብ ገላ ጋር ጎረቤት ስለሚሆን፣ የመሬት ሽቦ ሳይዘረጋ፣ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኮረንቲ ሲሾልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ ብሬከርም ሳይገጠም ለውበት መጨነቅ ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው። የቀድሞዎቹ ሃሎጂን ስፖቶች እያንዳንዳቸው 50 ዋት ስለሚበሉና እጅግ ስለሚግሉ ችፑድ ሊያነዱ ይችሉ ነበር፤ አምስት ዋት የሚበቃው ኤልኢዲ ግን ስድስቱን በ30 ዋት ያበራል። ጎጃምን በሚከበው በዐባይ ላይ ተገንብቶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ካለው ግድብ 30 ዋት መመኘት ስስት አይባልም፤ ይሁን እንጂ አስተዋይ ባለቤት ውሃና መብራት በአንድ ሰዓት ላይገናኙ እንደሚችሉ አስቦ፣ ከስፖቱ ሥር አንድ በርሜልና አንድ ሻማ ማስቀመጡን አይረሳም።

ከአናት በቀጥታ የሚወርድ ብርሃን ዐይንና አገጭ ሥር ጥላ ስለሚጥል፣ በመስታወቱ ፊት የሚቆም ሰው በፋሲካ ማግስትም ቢሆን ሁዳዴን ገና ያልፈታ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ከመስታወቱ ጎን አንድ ተራ አምፖል መጨመር ነው፣ ይህንንም ባለሙያው የሚናገረው ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በእርጥብ እጅ እንዳይነካ ከበሩ ውጭ መሆኑ ትክክል ቢሆንም የራሱ መዘዝ አለው፤ መብራት በከንቱ ሲበራ ማየት የማይችሉት አባወራ በበሩ ሥር የሚወጣውን ብርሃን እንዳዩ ስድስቱንም በአንድ ጣት ያጠፉታል፤ ሳሙና ዐይኑ የገባበት ሰው ከውስጥ «ሰው አለ!» ብሎ ሲጮኽም፣ ከማብራታቸው በፊት አንድ ሰው ለመታጠብ ስድስት መብራት ለምን እንዳስፈለገው በዝርዝር እንዲያስረዳቸው ይጠይቃሉ።