ጽጌ በአውቶቡስ

ሰው ሲሸመግል የሚበድሉት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ጠላቶቼማ ከረሱኝ ቆይተዋል። የእኅቴ ልጅ አንድ ቀን ቡና አቀራርባ፣ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ከሚቀመጡ ለምን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ለጽጌ ወደ ጎንደርና ወደ ስሜን አይሄዱም? አበባውን ያያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ አየርም ይቀይራሉ» አለችኝ። አየር! እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። የዚያን አገር ነፋስ በባዶ እግሬ ከብት እየጠበቅሁ በነፃ ስጠጣው ነው ያደግሁት። እሱኑ በመዋጮ ሊሸጡልኝ መጡ። እንቢ ግን አላልሁም፤ በረንዳው ላይ የተቀመጥሁትም ደልቶኝ አይደለም።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰው ከአዲስ አበባ ደባርቅ ድረስ ያለ ሐሳብ በመኪና በሚሄድበት ጊዜ ነው።

ወርኃ ጽጌ መቼም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው አርባ ቀን ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰብበታል፤ በኅዳር 6 በቁስቋም በዓል ይዘጋል። ጾሙ የፈቃድ ነው፣ ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም፤ ያልጾመውን ማንም አይወቅሰውም። ለየእሑዱ ዋዜማ ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። ምድር ስታብብ አርባ ቀን ሙሉ የሚያመሰግን ሥርዓት ያለን ሰዎች ነን። አስተባባሪዎቻችን ግን አርባውን ቀን በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ በሰዓት ሸንሽነው ይዘውት መጡ። «12፡30 ቁርስ፤ 1፡00 አበባ፤ 1፡30 ጉዞ።» በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገር። ለአበባ የተመደበለት ሠላሳ ደቂቃ ነው።

መነሻው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተባለ። እኔ የድሮ ሰው ስለሆንሁ ቀደም ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ መቋሚያዬን ይዤ በሩ ላይ ተገተርሁ። አውቶቡሱ የተነሣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ የአንዷ ፀጉር አልደረቀም ተብሎ። ለሽማግሌ የፊት ወንበር ይለቀቃል ሲባል እሰማ ነበር። የፊቱ ወንበር ለድምፅ ማጉያው ተሰጥቶ፣ እኔ ጎማው ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር እየተሳሳመ የአባይን በረሃ ወረድን። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው አስተባባሪ ደግሞ ማይኩን ጨብጦ ከስልኩ ላይ ያነብልናል። «የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ከላሊበላ ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ነው! ጭብጨባ!» እናጨበጭባለን። ስሜን እኮ ከመመዝገቡም በፊት እዚያው ነበር።

ቀጥሎ ቲሸርት ታደለ። ቢጫ ነው። ደረቱ ላይ «ጽጌ በስሜን» ይላል፤ ጀርባው ላይ የአንድ ሱቅ ስልክ ቁጥር አለበት። የደረሰኝ ለልጅ ልጄ ልክ የሚሆን ነበር። ታግዬ በኮቴ ላይ አጠለቅሁትና ጋቢዬን ደረብሁበት። «አባባ፣ ጋቢውን ያውልቁት እንጂ! ፎቶ ላይ ቢጫው አይታይም!» አሉኝ። ልጄ፣ ጥቅምት ነው። እናቴ ለጥቅምት ብርድ ጋቢ ደርባልኝ የሞተች ሴት፣ ለፎቶ አውልቅ ብላኝ አታውቅም።

ደብረ ማርቆስን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ግራና ቀኝ ወርቅ ሆነ። አውቶቡሱ በእልልታ ተናወጠ። «አደይ! አደይ! ሹፌር፣ ቁም!» ቆመ። ቢጫ ለባሹ ሁሉ ቢጫው መሐል ገባ፤ የቱ ሰው የቱ አበባ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንዷ ተጋደመችበት። ሁለቱ ጎረምሶች ተንበርክከው እቅፍ እቅፍ አድርገው ቀጠፉ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየሁት፤ ኑግ ነው! ቅጠሉ ደፈን ያለ፣ አገዳው ጠጉር ያለው፣ የሰው ማሳ ላይ በመስመር የቆመ የለየለት ኑግ። የአደይ ቅጠል ስንጥቅጥቅ ነው፤ ማንም ዘርቶት አያውቅም፣ ራሱ ነው የሚመጣ። «ልጆች፣ ኑግ ነው፣ ውጡ!» ብዬ ጮህሁ። «አባባ፣ እርስዎም ይምጡ፣ ደስ ይላል!» አሉኝ።

ባለማሳው ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሳይቸኩል፣ የተረገጠውን እያየ መጣ። ቆሞም፣ «ዘይቱን እዚሁ ልትጨምቁት ነው?» አለ። ጸጥ አሉ። አንዱ ደፋር፣ «አባት፣ አብረን ፎቶ እንነሣ?» አለው። ሰውዬው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ካየ በኋላ፣ «መጀመሪያ ከኑጌ ውጣ፤ ከዚያ እንነሣለን» አለው። ከጎማው ላይ ወርጄ ይቅርታ የጠየቅሁ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ይዞ የመሄድ ጥቅሙ የገባቸው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። ካሳው ከመዋጮው ወጣ። አስተባባሪው ወደ ማይኩ ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወገኖቼ፣ ቀጣዩን አበባ ሳንወርድ እናያለን» አለ።

ጎንደር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አሥራ አምስት ደቂቃ ተፈቀደላት። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ደብር ነው። ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ንብ ወጥቶ አዳነው ይባላል። ጣራው ላይ ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ፊቶች አሉ፤ ባለ ክንፍ፣ ዓይናቸው ጎላ ጎላ ያለ። ቀና ብዬ አንዱን መስመር ሳልጨርስ ፊሽካው ተነፋ። በቤተ መቅደስ ደጃፍ ፊሽካ! ያ ንብ የት ሄደ አልሁ በሆዴ። አንገቴ ቀና እንዳለ ደርቆ ቀረና ሁለት ልጆች ደግፈው ወደ መሬት መለሱኝ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ደግሞ በአውቶቡስ መስኮት ተሳለምን፤ «በስተግራችሁ ትታያለች» ተብሎ። ጽጌን ላክብር ብሎ መጥቶ ቁስቋምን በመስኮት! ወሩ የሚያልቀው እኮ በእሷ በዓል ነው።

ዳባትን ስናልፍ የተወለድሁባትን ከተማ ለማሳየት እጄን ብዘረጋ ሁሉም ተኝቷል።

ቅዳሜ ማታ ደባርቅ ገባን። ብርዱን ደባርቅ ያደረ ያውቀዋል። ልጆቹ ከሆቴሉ ጓሮ እሳት አንድደው፣ በግ አሳርደው፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ ይተርቱብኛል። ተረቱን ያስተማርኋቸው እኔው መሆኔ ነው የከነከነኝ። እኔ ሽሮዬን በልቼ ወደ ማኅሌት ልሄድ ስነሣ ባለ ፊሽካው ልጅ ብቻዬን እንዳልሄድ ተከተለኝ። ከእኔ ይልቅ ወድቄ ብሰበር የሚመጣበትን ሒሳብ የፈራ መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። ነጭ የለበሱት መሪጌቶችና ደባትር በሁለት ወገን ቆመው የአባ ጽጌ ድንግልን ድርሰት እየተቀባበሉ፣ ጸናጽሉ ሲመታ፣ መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ፣ ከበሮው መጀመሪያ ዝግ ብሎ ኋላ ሲፈጥን። ደራሲው የእመቤታችንንና የልጇን ነገር ሁሉ በአበባ እየመሰለ ነው የሚሄደው። ከአበባ አበባ ይሸጋገራል፤ ማንም ግን ወደ ሌላው እንለፍ ብሎ አያጣድፍም። ልጁ መጀመሪያ ስልኩን ሊያወጣ አለ፤ ዓይኔን አይቶ መለሰው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሳየው ከጎረምሳ ዲያቆናቱ መሐል ገብቶ በማያውቀው ዜማ አብሮ ይጮኻል። ሲነጋ ድምፁ ተዘግቶ አንዲት ቃል አልወጣ አለው። እግዚአብሔር የሽማግሌ ጸሎት ይሰማል የሚባለው እውነት ነው። ፓርኩ ውስጥ እስካለው ሳንቃ በር ድረስ በጸጥታ ሄድን።

ደባርቅ ላይ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ተቆርጦ ባለ ጠመንጃ ስካውት ይመደብላችኋል። አበባ ለማየት ጠመንጃ! ሰውዬው ግን ጨዋ የደባርቅ ገበሬ ነው፤ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ገብስና ስለ ነጭ ሽንኩርት ዋጋ አወጋኝ። ልጆቹ በመስኮት «ይኸኛውስ አደይ ነው?» ብለው ጠየቁት። «አዎ፣ አደይ ነው። ከገብሱ መሐል የነቀልነው ነው፤ አረም እኮ ነው» አላቸው። ከዚያ በኋላ ደስታቸው ትንሽ ቀዘቀዘ። እኔ ግን ያንን ሰው ወደድሁት።

ሳንቃ በር 3250 ሜትር ላይ ነው። ከአውቶቡሱ ወርጄ ከመተንፈስ ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልሁም። በጥቅምት ጠዋቱ ብሩህ ነው፤ ገደሉ፣ ታችኛው ቆላ፣ የጅንባር ፏፏቴ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። እኛ በየመንገዱ ፎቶ ስንነሣ ውለን ከሰዓት ደረስን፤ ጉሙም አብሮን ደረሰ። ከ500 ሜትር በላይ የሚወረወረውን ጅንባርን ድምፁን ብቻ ሰማነው። «እዚያ ጋ ነበር» እያለ ስካውቱ ነጩን ጉም ይጠቁመናል፤ ልጆቹ ጉሙን ፎቶ ያነሣሉ።

ሻይ እንዲያመጣልኝ አንዱን ልጅ ላክሁት፤ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። እውነተኛው ቁራ ግን መጣ። የሳንቃ በርን ቁራ ያላየ ሰው የመንቁሩን ውፍረት ብነግረው አያምነኝም። ከቦርሳዬ ያወጣሁትን የጾም ዳቦ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ መነጽሬን ስፈልግ፣ ከኋላዬ ዘለል ዘለል ብሎ መጥቶ ግማሹን ይዞ ሄደ። ሩቅም አልሄደም፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ በላው።

ከወዲህ በኩል መስኩ ላይ ጭላዳዎቹ ተቀምጠዋል። በመቀመጫቸው ፈቀቅ ፈቀቅ እያሉ ሣሩን በጣታቸው እየነቀሉ ይበላሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጉር ይቀምላል። የሚጣደፍ የለ፣ ፊሽካ የለ፣ ሥጋ የለ። ከዚያ ሁሉ ሰውና አውሬ ጾሙን የያዝነው እኔና ጭላዳዎቹ ብቻ ነበርን። ከፍ ብሎ ደግሞ ጅብራው ቆሟል። ጅብራ ዓመታት ሙሉ ሲያጠራቅም ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያንን ረዥም አበባውን ያወጣና ይሞታል፤ የጡረታ ደብተሩን በተቀበለ ሰሞን የሞተ አንድ የሥራ ባልደረባዬን አስታወሰኝ።

አንዷ ልጅ፣ «ጃፓኖችም እንዲህ በቡድን እየሄዱ ነው የቼሪ አበባ የሚያዩት» አለችኝ። እሱንስ አውቀዋለሁ። ልጄ ዘንድ አሜሪካ ሄጄ በነበረ ጊዜ፣ ቶኪዮ በ1912 እ.ኤ.አ. ለዋሽንግተን በስጦታ የላከቻቸውን ዛፎች ወስዶ አሳይቶኛል፤ 3000 ያህል ነበሩ ተብሏል። ሕዝቡ ይጋፋል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ሣሩ ላይ ጨርቅ አንጥፎ፣ ምግቡን ከፍቶ፣ የአበባው ቅጠል ራሱ ላይ እየረገፈበት ሲጫወት የሚውለውም ብዙ ነው። ደግሞ የእነሱ አበባ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው፤ ቢጣደፉ አይፈረድባቸውም። አርባ ቀን የተሰጠን እኛ ምን ያሯሩጠናል?

ትልቁን ቅሬታዬን እስካሁን አልተናገርሁም። ያ ከደባርቅ ሳንቃ በር ያደረሰን መንገድ እዚያ አያበቃም። ጭንቅ የሚባለውን ቦታ አልፎ፣ በቧሒት ተራራ አፋፍ ተሻግሮ መካነ ብርሃን ከተማ ይገባል። በዚያ ወገን ደረስጌ ማርያም አለች። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ልነግሥባት ብለው ያሠሯት ናት፤ ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ድል አድርገዋቸው፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ ሥራውን ያሠሩት ደግሞ ማንን መሰላችሁ? ሺምፐር የተባለውን ጀርመናዊ፤ ሥራው የስሜንንና የትግራይን ዕፅዋትና አበባ እየለቀመ ወደ አውሮፓ መላክ የነበረውን ሰው። አበባ ለቃሚ የገነባው ቤተ ክርስቲያን! አበባና ቤተ ክርስቲያን እናያለን ብሎ ለተነሣ ጉባኤ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? አስተባባሪውን ጠየቅሁት። ድምፁ ስለተዘጋ ወረቀቱን አወጣና በጣቱ አሳየኝ። ደረስጌ የለችም። በእሷ ፋንታ «9፡00 የቡድን ፎቶ፣ ድጋሚ» ይላል።

እንግዲህ መንገዱ ሰላም ሲሆንና የሚመጣውን የጽጌ ጉዞ ስታዘጋጁ ይህን ያዙልኝ። ከጎንደር ጉብኝት ላይ ፊሽካውን ቀንሱ፤ ቅዳሜ ሌሊቱን ለማኅሌት ተዉት፤ ሳንቃ በር በጠዋት ድረሱ፤ ደረስጌን አስገቡ። ድምፅ ማጉያውን ጎማው ላይ አስቀምጡትና የፊቱን ወንበር ለእኔ ያዙልኝ። ቲሸርቱ በጋቢ ላይ የሚጠለቅ ይሁን። መዋጮዬን ከወዲሁ እከፍላለሁ፤ ደረሰኝ ግን እፈልጋለሁ።