ለንደን–አቴንስ፣ ባለ ሁለት ፎቅ

«ሰመር ሆሊደይ»ን ያየ ሁሉ የሚያወራው ስለ ክሊፍ ሪቻርድ ድምፅ ነው። የእኔ ዓይን ግን ከአውቶቡሱ አልነቀል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ይህ የእንግሊዝ ፊልም ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለዕረፍት የወጣው ሕዝብ ላይ ዝናብ ይወርድበታል። ቀዩ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ብቅ ሲል ዓለሙ ሁሉ ቀለም ይለብሳል። ክሊፍ ራሱ እንዲህ ያለ አቀባበል ተደርጎለት አያውቅም።

ክሊፍ እዚህ ዶን የሚባል የለንደን አውቶቡስ መካኒክ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መሥሪያ ቤቱን አንድ አውቶቡስ ያስፈቅድና ተንቀሳቃሽ ሆቴል ያደርጉታል። ሙከራው ከሰመረ ሌሎችም ሊጨመሩላቸው ነው። የሕዝብ ንብረት እኮ ነው! ርክክብ የለ፣ የንብረት ክፍል ፊርማ የለ፣ የነዳጅ ኩፖን የለ። ሌላው ተመልካች «ልጅቷን ያገኛት ይሆን?» ብሎ ሲጨነቅ፣ እኔ «ቆጠራ ሲመጣ ምን ሊሉ ነው?» እያልኩ እጨነቃለሁ።

ጉዞው ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ነበር። መንገድ ላይ መኪናቸው የተበላሸባቸው ሦስት ዘፋኝ ሴቶች አቴንስ ሥራ እንዳላቸው ሲናገሩ፣ አቴንስ ሆነ። ተሳፋሪ ስለለመነው መስመሩን የሚቀይር የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ባርባራ አለች፤ ከእናቷ ያመለጠች ዝነኛ ዘፋኝ፣ ወንድ መስላ አብራ የተሳፈረች። የሞተር ሕመም የሚያውቁት መካኒኮች አጠገባቸው ያለችውን ሴት አያውቋትም። እናትየዋ ደግሞ የልጃቸውን መጥፋት ለጋዜጣ ወሬ ያውሉታል፤ የገበያ ነገር የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ዩጎዝላቪያ ሲደርሱ ዶን ዳቦ ሊጠይቅ ወጥቶ ሊዳር ምንም አይቀረው።

ተሳፋሪዎቹ ሜዳ ላይ ድንገት ሲዘፍኑ ያ ሁሉ ሙዚቃ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በህንድ ፊልም ያደግን ሰዎች ይህን አንጠይቅም። ክሊፍም ቢሆን የተወለደው ህንድ፣ ሉክኖው ነው፤ ነገሩ ከወተት ጋር ገብቶት ይሆናል።

ለዳይሬክተሩ ለፒተር ዬትስ ይህ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ «ቡሊት» በተባለው ፊልሙ ላይ ተዋናዩን ስቲቭ ማክዊንን ሙስታንግ መኪና ውስጥ አስቀምጦ የሳን ፍራንሲስኮን ዳገትና ቁልቁለት አስበረረው፤ ዓለም እስካሁን ያንን ያደንቃል። በሙስታንግማ ማንም ይበራል! እስቲ ማክዊን ባለ ሁለት ፎቁን፣ ላይ ታች ዘፋኝ አሳፍሮ፣ በተራራ ጠመዝማዛ ይንዳው።