ለቤት አልባዎች በባለ ቤቶች የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከእንጅባራ ኮሶበር እስከ ዳንግላ፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለህ፣ በሰው ጓሮ ሰርቪስ ቤት ያለህ፣ በአንድ ክፍል አምስት ሆነህ የምታድር ሁሉ ስማ!

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንጅባራንና ዳንግላን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ከእንጅባራ የሚገነጠለውም መንገድ በቻግኒ አድርጎ ወደ ጉባ ስለሚወርድ፣ መንገደኛው እየበዛ፣ ገሚሱም እዚሁ እየቀረ በመሄዱ፤

የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ መምህሩም ሠራተኛውም ቤት ሲፈልግ፣ እኛም ስናከራይ፣ ችግሩን ከሁለቱም ወገን በሚገባ በማወቃችን፤

የከተማ ዳር ገበሬው የድንች ማሳውን ፕላን ሳይደርስበት፣ ካሳም ሳይደርሰው፣ በሌሊት ውል እየሸነሸነ በመሸጡ፤

ከተማዋ ፕላኗን ጥላ ስለሄደች፣ ተመለሺ ብንላትም እምቢ በማለቷ፤

እኛ፣ ሁላችንም የየራሳችን ቤት ያለን የተመጣጣኝ ዋጋ ቤት ኮሚቴ አባላት፣ አንዳችም የግል ጥቅም ሳንፈልግ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የነገ ተመለሱ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፣

ሀ) «ተመጣጣኝ ዋጋ» ማለት ከኮሚቴው አባላት የኪራይ ገቢ ጋር የሚመጣጠን ዋጋ ነው፤

ለ) «ቤት ፈላጊ» ማለት ስሙ በመዝገብ የሰፈረ፣ መዝገቡ ግን የት እንደሰፈረ የማይታወቅ ሰው ነው፤

ሐ) «ጨረቃ ቤት» ማለት ባለቤቱን የማናውቀው ቤት ነው፤ የምናውቀው ከሆነ «በሂደት ላይ ያለ ይዞታ» ይባላል።

አንቀጽ 3. ስለ ፕላን

1) የአሥር ዓመቱ መዋቅራዊ ፕላን በቀለም ታትሞ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አረንጓዴ የተቀባው መናፈሻ ነው። በቦታው ላይ ቤት ተሠርቶ ከተገኘ ቀለሙ ይስተካከላል።

2) የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሕዝብ ይወያይበት ስለሚል ሕዝቡ ይወያያል። ውይይቱ የሚካሄደው ፕላኑ በጸደቀ ማግስት ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የመዝጊያ ንግግሩ ከአስተያየቱ በፊት ይነበባል።

3) ዘንገና ሐይቅ ለጊዜው አይሸነሸንም።

አንቀጽ 4. ስለ ቦታ አሰጣጥ

1) አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይፈቅድም ነበር። ኮሚቴው የአዋጁን መንፈስ ስለሚያከብር የአባሉ ባለቤት፣ ወንድ ልጁ፣ ሴት ልጁና ገና ያልተወለደው ልጁ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራሉ።

2) በማኅበር ተደራጅቶ በዝግ ሒሳብ የቆጠበ ሰው ቦታ ይሰጠዋል። ቁጠባው ሲሞላ ሲሚንቶ ይወደዳል፤ ለሲሚንቶው ሲሞላ ቦታው የካሳ ክርክር ይነሳበታል፤ ካሳው ሲከፈል መሐንዲሱ ሥልጠና ይሄዳል። ይህ ቅደም ተከተል ሊዛባ አይችልም።

3) የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ 99 ዓመት ሰጥቷል። ወረፋ የተጠበቀበት ዘመን ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

4) የቀረው ቦታ በጨረታ ይተላለፋል። የቀን ሠራተኛው ከነጋዴው እኩል የመወዳደር መብቱ የተጠበቀ ነው። ማሸነፍ በዚህ አዋጅ አልተሸፈነም።

አንቀጽ 5. ስለ ግንባታ ዕቃ

1) የጭቃና የባሕር ዛፍ ቤት የከተማውን ገጽታ ስለሚያበላሽ በአስፋልት ዳር ተከልክሏል። የድሃ ቤት የግድ ፎቅ መሆን አለበት። ፎቅ መሥራት ያልቻለ ድሃ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ይደኽይ።

2) የአዊ ቀርከሃ ትልቅ የግንባታ ጸጋ መሆኑ በየዐውደ ጥናቱ መነገሩ ይቀጥላል። ዐውደ ጥናቱ በብሎኬት አዳራሽ ይካሄዳል።

አንቀጽ 6. ስለ ኪራይ

የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። እናከብራለን። የሁለት ወሩ በውሉ ላይ ይሰፍራል፤ የቀረው የአራት ወር በእጅ ይሰጣል። ኪራይ አይጨመርም፤ የመብራት፣ የውኃ፣ እንዲሁም አምሽቶ በር የማስከፈት ዋጋ ግን ለብቻው ይታሰባል።

አንቀጽ 7. ስለ ጥናት

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ እንዴት ሳይፈርስ እንደኖረ፣ የቤት ማኅበር ግን ካርታ ሳያይ ለምን እንደሚፈርስ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ጥናቱ በፈረሰኞቹ በዓል፣ ጥር 23 ቀን ይቀርባል። ዓመቱ ወደፊት ይገለጻል።

አንቀጽ 8. ስለ ቅሬታ

«ኮሚቴው ውስጥ አንድ ተከራይ ቢገባስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሐሳቡ በአክብሮት ተቀባይነት ያገኛል። ተከራይ አባል መሆን ይችላል። ድምፅ የሚሰጠው ግን በስሙ የተሠራ የቤት ካርታ ሲያቀርብ ነው።

አንቀጽ 9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የመጨረሻው ተከራይ የራሱን ቤት ቁልፍ ከተረከበበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው ኪራይ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይከፈላል።