የጋሽ ወልዴ እግርና ሌዘር

(ቡታጅራ፣ አንድ ክትፎ ቤት። ጋሽ ወልዴ ሥጋ ቆራጭ ናቸው፤ ጠዋት የቆሙ ማታ ነው የሚቀመጡት። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱትም ቢላዋ ሲስታቸው ብቻ ነው። ጎረቤታቸው ሲስተር ብርቱካን ግማሽ ኪሎ ልትገዛ ጎራ ብላለች።)

ጋሽ ወልዴ፦ እከትፍልሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ይችን እግሬን እዪልኝ።

ሲስተር፦ (ጎንበስ ብላ) ጋሼ! ይኼ ቫሪኮስ ነው እኮ። ደሙን ወደ ላይ የሚያሳልፉት ክዳኖች ሲደክሙ ደሙ ወደ ታች ይመለስና ሥሩን ይወጥረዋል። ቆሞ መዋል ያባብሰዋል፤ በዘርም ይመጣል።

ጋሽ ወልዴ፦ እናቴም ነበረባት። እኔ ግን ብርድ መስሎኝ ቅቤ አሽቼበታለሁ፤ ያውም ንጥሩን።

ሲስተር፦ ቅቤውን ለክትፎው ያስቀሩልኝ።

ጋሽ ወልዴ፦ እንግዲያው በሌዘር ይተኩሱልኝ። ለመስቀል መድረስ አለበት።

ሲስተር፦ እግርዎንና መስቀልን ምን አገናኛቸው?

ጋሽ ወልዴ፦ አማቼ ነዋ! በሌዘር ታክሞ ከመርካቶ መጣና አምና መስቀልን ሙሉ ሱሪውን ሰብስቦ ሰነበተ። በሬውን ያረድኩት እኔ፣ የተወራው የሱ ባት!

ሲስተር፦ ነገሩ ከላይ አብርተው የሚያጠፉት አይደለም። በአልትራሳውንድ የተበላሸው ሥር ይለያል፤ አካባቢው ይደነዝዛል፤ ከዚያ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን የሌዘር ክር ሥሩ ውስጥ ይገባና ሙቀቱ ከውስጥ ይዘጋዋል። በዚያው ቀን በእግርዎ ሄደው ይወጣሉ።

ጋሽ ወልዴ፦ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ለብለብ ሆኜ ልቀር?

ሲስተር፦ ጄኔሬተር ያለበት ይሂዱ።

ጋሽ ወልዴ፦ ሥሩ ከተዘጋ ደሜ በየት ይሄዳል?

ሲስተር፦ አብዛኛውን ደም የሚመልሱት ጠለቅ ብለው ያሉት ሥሮች ናቸው፤ ይኼ የላዩ ነው። እነዚያ ክፍት መሆናቸው ግን አስቀድሞ ይታያል።

ጋሽ ወልዴ፦ መሞከሪያ እንዳያደርጉኝ ብዬ ነው።

ሲስተር፦ አሜሪካ ይኼን ሕክምና የፈቀደችው በእኛ አቆጣጠር በ1994 ነው።

ጋሽ ወልዴ፦ ሒሳቡስ በኪሎ ነው በእግር?

ሲስተር፦ በእግር።

ጋሽ ወልዴ፦ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ያድርጉልኝ፤ እኔም ጉበት እመርቅላቸዋለሁ።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ሌዘር ለሁሉም አያስፈልግም። መጀመሪያ እዚሁ ቡታጅራ ሆስፒታል ይታዩ። ሲያርፉ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፤ ሐኪሙ ካዘዘም ጠበቅ ያለውን ረጅም ካልሲ…

ጋሽ ወልዴ፦ ካልሲ? እኔ ወልዴ፣ በቡታጅራ ገበያ መሐል፣ የሴት ስቶኪንግ? ሞቼ ነው ቆሜ! ሌዘሩን አምጪው።

ሲስተር፦ ከሌዘሩም በኋላ የሚያዝዙልዎ ያንኑ ካልሲ ነው።

(ቢላዋው አየር ላይ ቆመ።)

ጋሽ ወልዴ፦ አማቼም አድርጎታል?

ሲስተር፦ ሳያደርግ አይቀርም።

ጋሽ ወልዴ፦ ያ ሁሉ ሰው ፊት ባቱን ሲያዞር ስለ ካልሲው ትንፍሽ አላለም!

ሲስተር፦ አንድ ነገር ግን ይያዙልኝ። አንዱ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ካመመና ከጋለ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ መስቀል ደረሰ አልደረሰ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ጋሽ ወልዴ፦ ገባኝ። (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ካልሲው ጥቁር አለው?

ሲስተር፦ አለው። ቁጥሩ ግን በግምት አይገዛም፤ እግርዎ ሳያብጥ ጠዋት ይለካል።