እጄ ላይ የታሰረው ገምጋሚ

በደርግ ጊዜ ቀበሌ ገምግሞኛል፤ ከዚያ ወዲያ መሥሪያ ቤት ገምግሞኛል። ጡረታ ስወጣ ከግምገማ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ያመጣልኝ ሰዓት እጄ ላይ ታስሮ ይገመግመኛል። ልጁም ሲደውል እንደምን አደሩ ማለት ትቷል፤ "ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ካሎሪ አቃጠሉ?" ነው ሰላምታው።

መስቀል አደባባይ በማለዳ ደረጃ የሚወጡ የሚወርዱት ጎረምሶችም ያው ናቸው። እንደ ድሮ ላባቸውን ጠርገው አይሄዱም፤ ቆም ብለው እጃቸውን ያያሉ። "አምስት መቶ ሃያ!" ይላል አንዱ። ቁጥሩ ከየት መጣ ብትሉት ሰዓቱን ያሳያችኋል።

እኔ ግን ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጠይቄ ደረስኩበት። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ቆዳ ላይ እያበራ የልብ ምት ይቆጥራል፤ እሱንስ ደኅና ይቆጥራል። ካሎሪውን ግን ከምቱ፣ ከዕድሜና ከክብደት ተነሥቶ ይገምታል። ዋናው መለኪያ ሰውነት የሚወስደው ኦክሲጅን ነው፤ አንድ ሊትር ኦክሲጅን 5 ካሎሪ ያህል ያወጣል። አትዎተር የሚባለው አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1890ዎቹ ሰውነት የሚያቃጥለውን ለማወቅ ሰው ክፍል ውስጥ ለቀናት ዘግቶ ትንፋሹንና ሙቀቱን ይለካ ነበር። የእኛ ሰዓት ግን መዝጋትም መለካትም አላስፈለገውም፤ በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ዋጋ ይቆርጣል።

በፈረንጆቹ 2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መለኪያ ፈትሸው ነበር። በካሎሪ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ የባሰው 93 በመቶ! የሰፈራችን ባለሱቅ በሚዛኑ እንዲህ ቢስት ዕድሩ ይሰበሰብበት ነበር።

አንድ ጓደኛዬ የሚውጠው የግፊት ኪኒን ልብ እንዳይፈጥን የሚይዝ ዓይነት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አቀበቱን እያቃሰተ ሲወጣ የእሱ ሰዓት የተቀመጠ ይመስለዋል። እኔ በበኩሌ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቼ ከጎረቤቴ ጋር ስለ አጥር ስጨቃጨቅ ልቤ ትመታለች፤ ሰዓቴም ካሎሪ ይጨምርልኛል። ክርክሩን እንኳ አላሸነፍኩም!

ይህም ይሁን። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥም በሰዓት 70 ካሎሪ ያህል ያወጣል። ሰዓት ሙሉ ደኅና አድርጎ ቢራመድ የዚያን ሦስት እጥፍ ተኩል፣ 245 ገደማ ይሆንለታል። የእግሩ ድካም ታዲያ 175ቱ ብቻ ነው፤ 70ው ሶፋ ላይ ተጋድሞም አይቀርበትም ነበር። ብዙ ቆጣሪ ሁለቱን ደምሮ "ጎበዝ!" ይለዋል። እሱም ተመርቆ እንደወጣ ተማሪ ደረቱን ነፍቶ ይገባና ጥብስ ያዛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው። የአንድ ሰዓት የእግር ድካሙ በማንኪያ ተኩል ዘይት አለቀ፤ ሥጋውን ገና አልቆጠርንም፤ ቢራውንማ ተዉት።

እናንተ ልጆች፣ መሄዱን ሂዱ፤ ደረጃውንም ውጡ። ስንት ደቂቃ እንደሄዳችሁ ብትነግሩኝ እሰማለሁ። የካሎሪውን ሒሳብ ግን ከማዕድ ጋር አታቀናንሱት።

ሰዓቱን ደግሞ አልመልስም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ቢልም የዚህ ስሕተት ሁልጊዜ ስድስት ስለሆነ ቀንሼ አነበዋለሁ።